“ያዝልኝ!” – ለቤት ወርክሾፕ የአናጢ ጠረጴዛ ስለ መሥራት

(በትርፍ ሰዓታቸው እንጨት ለሚሠሩ ወዳጆች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለእንጨት ስለ ሰጣችሁ አመሰግናለሁ።

በአንድ ቃል ልጀምር። “ያዝልኝ!”

አናጢ ቤት አጠገብ ያደገ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። አናጢው መጋዙን ያነሳል። ዞር ብሎ ግቢውን ይቃኛል። “ና እስቲ፣ ያዝልኝ!” ይላል። እኛ ሰፈር የሚጠራው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ጣውላው በርጩማ ላይ ይጋደማል። እኔ በጉልበቴ እጫነዋለሁ፣ ጫፉን በሁለት እጄ ጨምድጄ እይዛለሁ። መጋዙ በሄደ በመጣ ቁጥር ጣውላው እስከ ክንዴ ይነዝረኛል። “አጥብቀህ ያዝ እንጂ!” ይለኛል። አጥብቄ ነበር የያዝኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አቅሙ ያችው ናት።

ዛሬ የማወራችሁ የዚያን ልጅ ሥራ ስለሚሠራ ዕቃ ነው። ስሙ ጠረጴዛ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ዕቃ ማስቀመጫ ይመስለዋል። የአናጢ ጠረጴዛ ግን መያዣ ነው። እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ሁለቱንም እጃችሁን ነጻ ያወጣላችኋል። ስትነድፉትም፣ እንጨት ስትገዙለትም፣ ስትገጣጥሙትም ይህንን አንድ ጥያቄ አትልቀቁ፦ እንጨቱን በምን ይይዝልኛል?

እኔ ጥያቄውን ሳልጠይቅ ነበር የጀመርኩት። ቤት ውስጥ መሥራት ስጀምር የድሮ ምግብ ጠረጴዛ ወደ ሰርቪስ ክፍሉ አስገባሁ። ያምራል፣ ጠንካራም ይመስላል። መላጊያውን ይዤ የመጀመሪያውን ጣውላ ስገፋ ጠረጴዛው አብሮ ሄደ። ግድግዳ አስደገፍኩት። አሁን ደግሞ ጠረጴዛው ቆሞ እግሩ መወዛወዝ ጀመረ። ጣውላውን በምስማር መታሁት። መላጊያው የምስማሩን ራስ አገኘና ምላጩ ተሸረፈ። አንድ ቀን ሙሉ ከዕቃው ጋር ስታገል ዋልኩ። ማታ ላይ ትከሻዬ ዝሎ አንድም ቀጥ ያለ ጠርዝ አልነበረኝም። ችሎታ አንሶኝ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ከእኔ ችሎታ ማነስ ይልቅ የጠረጴዛው ነገር ይበልጣል።

እንግዲህ አባቶቻችን ያለ ጠረጴዛ እንዴት ሠሩ? የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እንጨቱን በእግራቸው ይዘው ነው የሠሩት። የጅማን በርጩማ አስቡት። ከአንድ ወጥ ግንድ ይፈለፈላል። ጠራቢው በሁለት እግሩ መሀል አስገብቶ ያገላብጠዋል። እግሩ ነው መያዣው። የሰውነቱ ክብደት ነው ሞርሳው፣ ማለትም ማጥበቂያው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ሮማውያንም ከጉልበት የማያልፍ ዝቅተኛ አግዳሚ ነበራቸው። ላዩ ላይ ተቀምጠው፣ እንጨቱን በጭናቸውና በክብደታቸው ይዘው ይሠሩ ነበር። ጀርመን ውስጥ ሳልቡርግ በሚባለው የሮማውያን ምሽግ ከጉድጓድ ውስጥ እንዲህ ያለ አግዳሚ ተገኝቷል። ስለዚህ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ አናጢ ስታዩ ኋላ ቀር ነው አትበሉ። እሱ የመያዣውን ጥያቄ በራሱ አካል መልሶታል። እኛ ቆመን መሥራት ስለምንፈልግ፣ ጣውላችንም ረጅምና ሰፊ ስለ ሆነ ሌላ መልስ ያስፈልገናል።

አንድ ጣውላ ስንት ዓይነት ሥራ ይፈልጋል? ሦስት ነው። ሰፊው ፊቱ ይላጋል። ቀጭኑ ጠርዙ ይላጋል። ጫፉ ይቆረጣል፣ በመሮ ይበሳል። ጠረጴዛችሁ ጣውላውን በእነዚህ በሦስቱም አቀማመጥ መያዝ አለበት። ፊቱ ሲላግ ወደ ላይ ተጋድሞ፣ ጠርዙ ሲላግ በጎን ቆሞ፣ ጫፉ ሲሠራ ደግሞ ሽቅብ ቀጥ ብሎ። ገበያ ላይ የሚሸጡ ብዙ “የወርክሾፕ ጠረጴዛዎች” ከሦስቱ አንዱን እንኳ በደንብ አይይዙም።

ወደ ንድፉ እንግባ። መጀመሪያ የምትለኩት ራሳችሁን ነው። ሥራ የምትሠሩበትን ጫማ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክንዳችሁን ዘና አድርጋችሁ ጣሉት። አሁን መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ እንደምታሳርፉ አድርጋችሁ ወደ መሬት አዙሩት። ከመዳፋችሁ እስከ ወለሉ ያለው ቁመት በእጅ መላጊያ ለሚሠራ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። የእኔ 82 ሴንቲ ሜትር መጣ። የኩሽና ጠረጴዛ 90 አካባቢ ነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ምን ታመጣለች እንዳትሉ። ጠረጴዛው ከፍ ካለ መላጊያውን የምትገፉት በክንዳችሁ ብቻ ነው። ዝቅ ሲል ግን ጀርባና እግር አብረው ይገፋሉ። የምትሠሩት በአብዛኛው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ከሆነ ወይም ጥቃቅን መጋጠሚያ የምትቆርጡ ከሆነ ደግሞ ከፍ ያድርጉት፤ 90ም 95ም ይሁን፣ ወገባችሁ ያመሰግናችኋል። ከመቁረጣችሁ በፊት ብሎኬትና ጣውላ ደራርባችሁ አንድ ሳምንት ሞክሩት። ረጅም እግር ማሳጠር ቀላል ነው። አጭር እግር ማስረዘም ግን ጣጣ ነው።

ርዝመቱን ክፍላችሁ ይወስናል። የእኔ ክፍል 2.40 በ3.20 ነው። 1.80 ሜትር ላይ ቆምኩ። ጎኑ 54 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰፊ ጠረጴዛ የሚመኝ ብዙ ሰው አለ። እኔ አልመክርም። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለው ክፍል እጃችሁ በወጉ አይደርስበትም፤ ቀስ በቀስ የዕቃ መከመሪያ ይሆናል።

አሁን እንጨቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁን ስህተቴን የሠራሁት እዚህ ነው።

ያረጀ አናጢ ብትጠይቁ ዋንዛ ይላችኋል፣ ዝግባ ይላችኋል፣ ጥድ ይላችኋል። ልክ ነው፤ ግሩም እንጨቶች ናቸው። ግን አልቀውብናል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ። ለሥራ ጠረጴዛ ብሎ ዋንዛ ማሳደድ አያስፈልግም። ጠረጴዛው ክብደትና ጥንካሬ እንጂ መልክ አይፈልግም። ክብደትና ጥንካሬ ደግሞ ደጃችን ላይ አለ። ባህር ዛፍ ነው።

ባህር ዛፍ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። የመጣውም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነበር፤ አዲስ አበባ እንጨቷን ጨርሳ ነበርና። ከዚያ ወዲህ አጣና ሆኖ፣ ምሰሶ ሆኖ፣ ባለ አራት ማዕዘን ሞራሌ ሆኖ አብሮን ኖሯል። ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው። በየእንጨት መሸጫው አለ። ግን አንድ ጠባይ አለው። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል።

ይህንን ቁራጭ ተመልከቱት። እየተቀባበላችሁ እዩት። ይህ የመጀመሪያ ጠረጴዛዬ ነው፣ ከእሱ የተረፈው። ሻጩ “ደረቅ ነው” አለኝ። እኔም ላዩን ዳሰስኩት፣ ደረቅ መሰለኝ። በሁለት ቅዳሜ ልጌ አጣብቄ ገጠምኩት። ጥር ላይ ነበር። የበጋው ፀሐይ በቆርቆሮው በኩል ክፍሉን እንደ ምድጃ ያግለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ማለዳ ገባሁ፤ የጠረጴዛው አንድ ማዕዘን ተነስቷል። ለካሁት፤ 14 ሚሊ ሜትር። ጫፎቹ ላይ እነዚህን ስንጥቆች ታያላችሁ? ቁጠሯቸው፤ በዚህች ብቻ ስድስት ናቸው። ትልቋ ውስጥ ሳንቲም ይገባል። ኮላው አልለቀቀም። ኮላው የያዘበትን እንጨት ራሱን ቦጭቆ ነው የተሰነጠቀው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እንጨት እንደ ገለባ የተደረደሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ክምር ነው። በመጀመሪያ የሚወጣው በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ያኔ እንጨቱ ይቀላል እንጂ አይኮማተርም። ቀጥሎ የቱቦው ግድግዳ የያዘው ውሃ መውጣት ሲጀምር ያን ጊዜ እንጨቱ ይጠባል። በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። በጎኑ ግን በደንብ ይጠባል። በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ የሚጠበው ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚጠበው በግምት እጥፍ ነው። ሁለቱ እኩል ስለማይሄዱ ጣውላው ይቆለመማል። ባህር ዛፍ ላይ ደግሞ የእንጨቱ መስመር ራሱ ብዙ ጊዜ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው፤ ሲደርቅ የሚጠመዘዘውም ለዚህ ነው።

ታዲያ መድረቁን በምን እናውቃለን? በመዳሰስ አይታወቅም። በሚዛን ነው የሚታወቀው። ከገዛችሁት እንጨት ቁራጭ ቁረጡ። ጫፍና ጫፉን በተረፈ የዘይት ቀለም ቀቡት፤ አለበለዚያ ውሃው በጫፉ ቶሎ ይወጣና ስለ ረጅሙ እንጨት ውሸት ይነግራችኋል። በኩሽና ሚዛን መዝኑት። ክብደቱን እላዩ ላይ በእርሳስ ጻፉ። በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደቱ መውረድ ሲያቆም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። የቆየው የአናጢዎች ስሌት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ከሆነ ሁለት ዓመት። ይረዝማል፤ አውቃለሁ።

መጠበቅ ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ እኔም ሁለተኛውን ጠረጴዛ የሠራሁት በዚያ ነው። ቤት ሲፈርስ ሂዱ። አሮጌ የጣሪያ ሞራሌ ለአርባ ዓመት ቆርቆሮ ሥር ደርቋል። የሚጣመመውን ያህል ተጣሟል፣ የሚሰነጠቀውን ያህል ተሰንጥቋል። ከዚህ በኋላ አያስደነግጣችሁም። ላዩ ጥቁር ነው፣ ጥላሸት ነው። አንድ ጊዜ መላጊያ ሲያልፍበት ግን ከሥር ማር የመሰለ ቀለም ይወጣል። ያንን ቀለም መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። እጄን አቁሜ ዝም ብዬ አየሁት።

ምስማሩን ግን ተጠንቀቁ። ከላይ የተቆረጠ፣ ውስጥ የቀረ የዛገ ምስማር አይታይም። እኔ ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ማግኔቱን አወጣሁ፣ በክር አንጠለጠልኩት። በሞራሌው ላይ ቀስ ብዬ ሳሳልፈው ምስማር ያለበት ቦታ ላይ ወደ እንጨቱ ይሳባል። ከ12ቱ ቁራጭ 31 ምስማር ነቀልኩ።

ንድፉን በተመለከተ ሁለት የቆዩ ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ። አንዱ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ ይባላል፤ የፓሪስ አናጢ ነበር። ከ1769 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ ሙያው ሰፊ ሥራ አሳተመ። የሣለው ጠረጴዛ ላይኛው ክፍል አንድ ወጥ ወፍራም ግንድ ነው። ውፍረቱ ከ13 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራቱ እግሮች በቀጥታ እሱ ላይ ይሰካሉ። ሁለተኛው ፒተር ኒኮልሰን ነው፤ ስኮትላንዳዊ። በ1812 ያሳተመው ሥዕል ላይ ያለው ጠረጴዛ ቀጭን ጣውላ ነው፣ ግን ከፊቱ ሰፊ ሰሌዳ ወደ ታች ወርዶ ያጠነክረዋል። ወፍራም እንጨት ያለው ሩቦን ይከተል። ቀጭን ጣውላ ያለው ኒኮልሰንን ይከተል። እኔ ሞራሌ ነበረኝ። 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞራሌን በጎኑ አቁማችሁ ጎን ለጎን ብታጣብቁት የሩቦን ውፍረት ባይደርስም ከሥራ የማያጎድል ውፍረት ታገኛላችሁ።

ስሌቱ ይኸው። ሞራሌው ሲላግ 4.5 በ6.5 ይቀራል። 12 ቁራጭ ጎን ለጎን 54 ሴንቲ ሜትር ነው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ከአንድ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ሁለት ባለ 1.80 ይወጣል፣ 40 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ስለዚህ ለላዩ 6 ሞራሌ ይበቃል። ለአራቱ እግርና ለአግዳሚዎቹ አራት አምስት ጨምሩ። ላዩ ብቻ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠቅላላው ወደ 80 ይጠጋል። ክብደቱ አይክበዳችሁ። መላጊያ ስትገፉ የማይነቃነቀው በዚያ ክብደት ነው።

ማጣበቁን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። አሥራ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታጣብቁ። ኮላው ከተቀባ በኋላ ያላችሁ ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ አራት አራት አድርጋችሁ ሦስት ክፍል ሥሩ። በማግስቱ ሦስቱን አንድ አድርጉ። መቆንጠጫ በቂ የለኝም የሚል፣ ሁለት ወፍራም እንጨት ከላይና ከታች አድርጎ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን በዳዶና በሮንዴላ ማጥበቅ ይችላል። እኔ ብሎኖቹን ያገኘሁት መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ነው። ስታጠብቁ ኮላው በመጋጠሚያው ሁሉ እንደ ጤዛ ጠብ ጠብ ብሎ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ቦታ ካለ ወይ ኮላ አንሷል፣ ወይ ጠርዙ ቀጥ አላለም።

እግሩን አላረዝመውም። ሁለት ሁለት ሞራሌ ፊት ለፊት አጣብቃችሁ እግር አድርጉ። አግዳሚዎቹን በወንዴና ሴቴ፣ ማለትም የአንዱ ምላስ በሌላው ቀዳዳ እየገባ፣ ግጠሙ፤ በወይራ ችንካር እሰሩት። አንድ ነገር ግን አስምሩበት። የፊት እግሮች ውጪያዊ ገጽና የላዩ ጠርዝ በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ። እንደ ምግብ ጠረጴዛ ላዩ ወደ ፊት አይውጣ። መስመር ላይ ከሆኑ ረጅም በር እንኳ በጎኑ አቁማችሁ እግሩ ላይ ማሰር ትችላላችሁ። ጠረጴዛው በጎን የሚይዘው በዚህ ነው። ላዩን ከእግሩ ጋር ስታያይዙ ደግሞ ከፊት በኩል አጥብቁት፣ ከኋላ በኩል የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርጉት። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይሰፋል፣ በጋ ሲሆን ይጠባል። መንቀሳቀሻ ካልሰጣችሁት በራሱ ጊዜ ሰንጥቆ ይወስዳል።

አሁን ወደ መያዣዎቹ።

የመጀመሪያውና የምወደው ከሁሉም ርካሹ ነው። 5 በ5 የሆነ የወይራ ቁራጭ። ከጠረጴዛው ግራ ጫፍ አጠገብ በልኩ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይበሳል፤ ቁራጩ በጥብቅ ይገባል። ከሥር በመዶሻ ስትመቱት ብቅ ይላል፣ ከላይ ስትመቱት ይጠልቃል። ጣውላውን እሱ ላይ አስደግፋችሁ ትልጋላችሁ። ምንም አታስሩም። የመላጊያው ግፊት ራሱ ጣውላውን ይይዘዋል። ቀዳዳውን ስበሳ አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብኝ፤ ከላይም ከታችም በመሮ እየመጣሁ መሀል ላይ ተገናኘሁ። ቁራጩ መጀመሪያ በጣም ጠበቀ። ጥቂት ላግኩት። ሞከርኩት። እንደገና ላግኩት። በአራተኛው በመዶሻ ስመታው “ጥፕ” የምትል ድምፅ አሰምቶ አንድ ጣት ያህል ወረደና ቆመ። ልኩ ይኼ ነው።

ሁለተኛው ክብ ቀዳዳዎች ናቸው። በላዩ ላይ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ በሱ፤ ከሰባት ስምንት አይበልጥ። ሠፈር ያለ ብየዳ ቤት ባለ 19 ለስላሳ የብረት ዘንግ እንደ ከዘራ አጥፎ ይሠራላችኋል። ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ የታጠፈው ጫፍ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ከላይ አንድ ጊዜ በመዶሻ ትመቱታላችሁ። ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ጋደም ብሎ ይነክሳል፣ እንጨቱን ጥርስ እንዳለው ይይዘዋል። ከኋላ ስትመቱት ይለቃል። ብሎን የለም፣ ማጥበቅ የለም። ሚስጥሩ ቀዳዳው ከዘንጉ በጥቂቱ ብቻ መስፋቱ ነው። በጣም ከሰፋ አይነክስም።

ሦስተኛው ሞርሳ ነው። አዲስ የአናጢ ሞርሳ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። እኔ የተጠቀምኩት የግንባታ ስካፎልዲንግ እግር ሥር ያለውን ጠመዝማዛ ብረትና ትልቅ ዳዶውን ነው። ያገለገለ ነበር። ዝገቱን በጋዝና በሽቦ ብሩሽ አጠብኩት። ዳዶውን ከግራው እግር ጀርባ አሰርኩት፤ ጠመዝማዛው በእግሩ ውስጥ ያልፋል። ከፊት በኩል እስከ መሬት የሚደርስ ወፍራም የእንጨት መንጋጋ አለ። ከታች አንድ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዘንግ መንጋጋውን ከእግሩ ጋር ያገናኛል፤ ችንካሩን ከቀዳዳ ቀዳዳ ታዛውራላችሁ። ይህ ዘንግ ከሌለ መንጋጋው ከታች ይገባል፣ ከላይ አፉን ይከፍታል፤ እንጨቱም ይሾልካል። የመንጋጋውን ውስጥ በአሮጌ ከመነዳሪ ለበድኩት። ጎማው እንጨቱን ሳያቆስል ይጨብጠዋል። አሁን ባለ 2 ሜትር ጣውላ ሽቅብ አስሬ እንደ ልቤ እቆርጣለሁ። ማንንም አልጠራም።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ላዩ መስተካከል አለበት። ላዩ ጠማማ ከሆነ እሱ ላይ የሚላገው ሁሉ ጠማማ ይሆናል። ሁለት ቀጥ ያሉ ወንድማማች ዘንጎች ሥሩ። አንዱን በዚያኛው ጫፍ፣ ሌላውን በዚህኛው ጫፍ አጋድሙ። ጎንበስ ብላችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ። የሁለቱ ጠርዝ ከተገጣጠመ ላዩ ልክ ነው። አንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ ከታየ ያ ማዕዘን ከፍ ብሏል። ውሃ ልክ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢቀመጥ ይህንን አያሳያችሁም፤ ጠረጴዛው ያዘነበለበትን እንጂ የተጠማዘዘበትን አይነግርም። ከዚያ ላዩን ሁሉ በእርሳስ ሞነጫጭሩት። መላጊያውን በጥልቁ ሳይሆን በስሱ አድርጋችሁ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በሰያፍ ላጉ። እርሳሱ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። እርሳሱ ሁሉ እስኪጠፋ።

ቫርኒሽ አትቀቡት። ያንሸራትታል፤ ጠረጴዛው ደግሞ መያዝ ነው ሥራው። የተልባ ዘይት ይበቃዋል። በስሱ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አስጡት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሰጋቱራ በሞላበት ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀደም ብሎ አንዲት እህት በሻይ ሰዓት ጠይቃኝ ነበር። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ 80 ኪሎ ጠረጴዛ የት አደርገዋለሁ አለችኝ። ጥያቄዋ ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። 1.20 ሜትር አድርጊው። ክብደቱ ሲቀንስ ግድግዳው ያግዝሽ፤ የኋላ እግሮቹን በብሎን ከግድግዳው ጋር እሰሪያቸው። ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ጎማ አድርጊ፤ የመዶሻው ድምፅ በኮንክሪቱ በኩል ወደ ታችኛው ቤት እንዳይወርድ። መሮ የምትመቺበትን ቦታ ከእግሩ በላይ አድርጊው፣ መሀሉ ላይ አይሁን። እግሩ ላይ ስትመቺ ጉልበትሽ በሙሉ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። መሀሉ ላይ ከሆነ ግን ጠረጴዛው ይነጥራል፣ ጎረቤትም ይነሳል። መስኮቱም ሥር ይሁን። በጎን የሚመጣ ብርሃን ትንሿን ጉብታ ሳይቀር ጥላ አጥልቶ ያሳያል።

የብረት እግርስ ያለ ወንድምም ነበር። ይሆናል። በደንብ የተበየደ አይወዛወዝም። ቀላል ስለ ሆነ ግን ከታች መደርደሪያ ሥራና ከባድ ነገር ጫንበት፤ ሁለት ከረጢት አሸዋም ቢሆን።

በመጨረሻ ይህችኛዋን ቁራጭ ተመልከቱ። ከ4 ሜትሩ ሞራሌ የተረፈችው 40 ሴንቲ ሜትር ናት። ጫፎቿ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። ጎኗ ላይ በእርሳስ የተጻፉት ቁጥሮች ይታዩአችኋል? ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው 1,450 ግራም ይላል። ሲወርድ 1,290፣ 1,170፣ 1,100። ያለፉት አራት ሳምንታት 1,055፣ 1,050፣ 1,050፣ 1,050። የእህቴ ልጅ ለራሱ ጠረጴዛ ብሎ የገዛው ባህር ዛፍ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሊሸጠው ነበር፤ ተው ብዬ አስቀረሁት። ደርቋል።

በሚመጣው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ላዩን እናጣብቃለን። ኮላው አሥር ደቂቃ ነው የሚሰጠን። አንዱ ይቀባል፣ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይይዛሉ፣ አንዱ ብሎን ያጠብቃል። እጅ ያስፈልገናል። መምጣት የምትችሉ ስማችሁን እዚህ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። በዚያች ቀን “ያዝልኝ” ማለቴ አይቀርም።